ብርሃን በብርሃንነቱ ይመራ፦ የዋግ ኽምራ ማኒፌስቶ

ብርሃን አቅጣጫ ለመቀየር ኤሌክትሪክ የሚሆንበት ዘመን አብቅቷል። በመስታወት ክር የመጣ መልእክት በየማዞሪያው ወደ ኤሌክትሪክ ተመንዝሮ፣ ዳግም ብርሃን ሆኖ ሲወጣ ጊዜና ኃይል ያባክናል። ሩቅ አገር ይሠራል፣ ደጋው ይሸምታል የሚለው ሥርዓትም አብሮት አክትሟል። ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ተራሮች የተነሣን እኛ የሚተካውን እንነድፋለን።

ብርሃን መንገድ እንዳለው እናምናለን። ከሰቆጣ አጠገብ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የፈለፈሉ እጆች ትርፉን አለት በማንሣት ቤተ መቅደስ አወጡ፤ ብርሃን የሚሄድበት መንገድ፣ ዌቭጋይድም፣ ከሲሊከን እንዲሁ ተፈልፍሎ ይወጣል። ስፋቱ ግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ነው። ብርሃን በሲሊከን ውስጥ 3.5 ጊዜ ያህል፣ በዙሪያው ባለው መስታወት ግን 1.44 ጊዜ ብቻ ስለሚዘገይ ከመንገዱ አይወጣም።

ማዞር መመዘን እንደሆነ እናምናለን። ብርሃኑን ለሁለት ክንድ እንከፍላለን፤ ብርሃኑ እንዲዘገይ አንዱን ክንድ እናሞቃለን፤ ሁለቱን መልሰን እናገናኛለን። ሞገዶቹ እኩል ከደረሱ ብርሃኑ በአንዱ በር፣ በግማሽ ሞገድ ከተቀዳደሙ በሌላው በር ይወጣል። ለ1550 ናኖሜትር ብርሃን 200 ማይክሮሜትር የሚረዝመውን ክንድ 20 ዲግሪ ገደማ ማሞቅ ይበቃል። ሙቀት በማይክሮሰከንዶች ያዞራል። ኤሌክትሮን ማስገባት በናኖሰከንዶች ያዞራል፤ ከብርሃኑም ጥቂቱን ይውጣል። ንድፍ የዚህ ሁሉ ሚዛን ነው።

እውቀት ድንበር እንደሌለው እናምናለን። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ በአይቢኤም የብርሃን ዕቃዎችንና ትራንዚስተሮችን በአንድ ሲሊከን ላይ ካዋሐዱት ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው። ብርሃን በዌቭጋይድ ሲጓዝ የሚያሰላው፣ ከኤምአይቲ የወጣው ሚፕ የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። የብዙ ነዳፊዎች ሥራ ወጪውን ተጋርቶ በአንድ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ ይሠራል። ፋብሪካ የሌለው አገር መንደፍ ይችላል፤ የማይነድፍ አገር ግን ፋብሪካ ቢሰጠውም የሚያሠራው የለውም።

ቃል እንደሚያስር እናምናለን። ሕጻናት እንዳይቀነጭሩ በ2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል በሰቆጣ ስም ተጠርቷል። ከመቀንጨር የዳነው ልጅ ሲያድግ ለአእምሮው የሚመጥን ሥራ እንዲያገኝ እኛ ቃል እንገባለን።

ስለዚህ የብርሃንን ሳይንስ በኽምጣናና በአማርኛ እናስተምራለን። ንድፎቻችንን ለሁሉም ክፍት እናደርጋለን። የመጀመሪያውን ማዞሪያ ነድፈን፣ አሠርተን፣ ለክተን፣ በመንገድ የጠፋውን ብርሃን ሳንደብቅ ውጤቱን እናወጣለን፤ በዚያው ልኬት ላይ ቆመን የተሻለውን እንነድፋለን።