የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አራዳ በጁባ

የጃዝ ባንድ መሪው ካብ ካሎዌይ እ.ኤ.አ. በ1938 የሐርለም ሙዚቀኞችን የውስጥ ቋንቋ በትንሽ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ቋንቋው የገባውን ካልገባው ይለይ ነበር። አዲስ አበባ ይህን ሥራ ያለ መዝገበ ቃላት፣ አራዳና ፋራ ብላ ትሠራዋለች።

ይህ እትም ግን ያተኮረው በምንኖርባት ጁባ ላይ ነው። የጁባ ዓረብኛ የተወለደው በጭፈራ ቤት ሳይሆን በ19ኛው መቶ ዘመን የግብፅ ጦር ሰፈሮች ነው። ከልዩ ልዩ ብሔረሰብ የተመለመሉ ወታደሮች ለመግባባት ሲሉ ዓረብኛውን አቀለሉት። ግሱ በመደብ አይረባም፤ «አና ሩዋ» እኔ ሄድኩ፣ «ኢታ ሩዋ» አንተ ሄድክ፣ «ኡሞን ሩዋ» እነሱ ሄዱ። በአማርኛ ርቢ ላደገ ሰው እፎይታ ነው! የኢኳቶሪያ ገዥ የነበረው የኤሚን ፓሻ ወታደሮች ወደ ኡጋንዳ ይዘውት የሄዱት እህት ቋንቋ ደግሞ ዛሬም በኡጋንዳዋ ቦምቦና በናይሮቢ ኪቤራ «ኑቢ» ተብሎ ይነገራል።

እ.ኤ.አ. የ2011 የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ፣ የአገሬውን ቋንቋዎች ሁሉ ብሔራዊ ሲል ዓረብኛን በስም አልጠራም። የጁባ ዓረብኛ ከአገሬው ይቆጠራል ወይ? በእኔ እምነት ይቆጠራል፤ ብሔረሰቦቹ እርስ በርስ የሚነግዱበትና የሚቀልዱበት እሱ ነውና። በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዋጋ ለመከራከርም ከእንግሊዝኛ ይልቅ እሱ ያዋጣል።

የጁባ ወጣት ራፐሮች በዚሁ ቋንቋ የሚፈጥሯቸውን አዳዲስ ቃላት በዝርዝር አላወጣንም። ማተሚያ ቤት እስኪደርሱ ግማሾቹ ያረጃሉ።