የኦክስፎርድ ሠርግ፣ የቦንጋ ሚዜ

ሰሞኑን ቦንጋ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ የቃላት ፍቅረኛ ሰበከን። ኢንተርኔት እንግሊዝኛን የሁላችንም አድርጎታል፣ ቃሉ በየቀኑ እየተወለደ ነው፣ የካፋ ወጣትም የዚህ ሀብት ባለቤት ሆኗል አለን። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? ኦክስፎርድ የዓመቱ ቃል እያለ የሚያውጀው ነገር! እ.ኤ.አ. በ2013 «ሰልፊ»፣ በ2023 «ሪዝ»፣ በ2024 «ብሬይን ሮት»። ሸምድዶታል። «ሪዝ» ሲልማ ዓይኑ ያበራል።

እንግሊዝኛ መውደዱ አያናድደኝም፤ ይውደድ። ያናደደችኝ «የሁላችንም» የምትለዋ ናት። የእነማን? «ሪዝ»ን ያዛመቱት በቀጥታ ሥርጭት የሚያወሩ የአሜሪካ ወጣቶች ናቸው፤ ያነገሠው ኦክስፎርድ ነው። ከጊምቦ ወይም ከዴቻ ወጥታ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባች አንዲት ቃል ያሳየኝና አፌን እዘጋለሁ። ቡና የእንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው ከካፋ ነው እንዳይለኝ ብቻ፤ ያ ክርክር አላለቀም፣ ቢያልቅም ያኔ ኢንተርኔት አልነበረም። ሠርጉ የሰው ነው፤ ሚዜው ቦንጋ ላይ ይጨፍራል።

እስቲ ስልኩን ያውጣና ለእናቱ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሁለት መስመር ይጻፍ። ካፊኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ የተሞላ ስልክ ደግሞ የላቲን ፊደል ሲያይ ሌላ ቋንቋ ያለ አይመስለውም። ድምፅ ለማስረዘም የተደረቡትን አናባቢዎች የጣት ስህተት ይላቸዋል፤ ከሥራቸው ቀይ ያሰምራል፤ ላኪው ካልነቃ ቃሉን በሌላ ይተካዋል። ያ ሁሉ የተዘመረለት ቴክኖሎጂ የአሜሪካ ጎረምሳ ትናንት የፈጠረውን ቃል ተቀብሎ፣ ካፋ ውስጥ አያት ለልጅ ልጅ ያወረሰችውን ሊያርም ይነሣል። ወዳጃችን ይህ ገጥሞት ላያውቅ ይችላል። በካፊኖኖ የማይጽፍን ሰው ስልኩ ምኑን ያርመዋል?

አማርኛ ትንሽ ይሻላል። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፣ በ2016 ደግሞ ጉግል አማርኛ መተርጎም ጀመረ። ይህም ቢሆን ሰው ተቀምጦ ስለሠራበት የመጣ እንጂ ኢንተርኔት ቸር ሆኖ አይደለም።

ወጣቱ ባለቤት ሆኗል ለተባለውም፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንደወትሮው በእንግሊዝኛ ተሰጥቶ ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋው ነው አልልም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ባለቤትነት አይቼ አላውቅም።

በቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ የእንግሊዝኛ ወዳጆች፣ የኦክስፎርድን ቃል መቁጠሩን ለኦክስፎርድ ተዉለት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአፍ መፍቻዬ ነው ያለው ሰው ከ800 ሺህ በላይ የሆነለት ካፊኖኖ ዛሬም የራሱ ውክፔዲያ የለውም።