የቤተሰብ መኪና በሲሲ አይለካም

“ስንት ሲሲ ነው?” የአዲስ አበባ መኪና ገዢ ከደላላው ጋር ሰላምታ እንደተለዋወጠ የሚያነሳት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህች ናት። ሁለተኛዋ ዋጋው ነው። “ከኋላ ሦስት ሰው በምቾት ይቀመጣል ወይ? የልጆቹ ጉልበት ከፊት ወንበር ጋር አይጋጭም?” ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። አምስትና ስድስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባውን የሚያፈስበትን አውቶሞቢል በሞተር መጠን ይመርጣል ማለት ነው።

ለዚህ ገዢውን መውቀስ አይገባም። መለኪያውን ያስያዘው ታክሱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 እስከ 1,300 ሲሲ ባለው አውቶሞቢል ላይ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ ባለው ላይ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ በሆነው ላይ ደግሞ 100 በመቶ ጣለ። ወደብ ሲደርስ 100,000 ብር የወጣበት መኪና እንውሰድ። 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በኋላ የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ፣ መኪናው በመጀመሪያው እርከን 222,000፣ በሁለተኛው 273,000፣ በሦስተኛው 342,000 ብር ገደማ ይደርሳል። የግዢ ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት መኪኖች አንዱ 1,300 ሌላው 1,301 ሲሲ ቢሆኑ፣ አንዷ ሲሲ 51,000 ብር ታስከፍል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ክንዱን ቢያበረታም፣ ሲሲን ከመለኪያነት አላነሳም።

እንግዲህ 1.3 ሊትርና ከዚያ በታች ሞተር ያላቸው ኮሮላና ቪትዝ የከተማችን “የቤተሰብ መኪና” ለመሆን የበቁበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን ሲሲ ስለ ስፋት የሚነግረን ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው ዲኤክስ ኮሮላ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2.43 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው ኮሮላ 2.60 ሜትር ደረሰ፤ እሱም በ1.3 ሊትር ሞተር ተሠርቷል። በአንድ የታክስ እርከን ውስጥ የ17 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ይህ ለኋላ ተቀማጭ ጉልበት ትንሽ ነገር አይደለም።

አሜሪካኖች በዚህ በኩል ከእኛ የተሻለ ዘዴ አላቸው። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው አንድን የቤት አውቶሞቢል “ትልቅ” ብሎ የሚመድበው የተሳፋሪውና የዕቃ መጫኛው ቦታ ተደምሮ 120 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 3.4 ሜትር ኩብ ያህል፣ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስለ ሞተሩ አይጠይቅም።

አሁን እኛም መለኪያችንን የምንለውጥበት ጊዜ መጥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ መንግሥት አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲሲ የለውም። ሆኖም ገበያው ሌላ ነጠላ ቁጥር አግኝቷል፤ “በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?” የሚል።

በእኔ አስተያየት ይህም ቁጥር ልክ እንደ ሲሲ ሊያሳስተን ይችላል። የቻይናውን ቢ.ዋይ.ዲ. ቺን ፕላስ ኤሌክትሪክ ለምሳሌ እንመልከት። የጎማዎቹ ርቀት 2.718 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 ይሠራ የነበረው ካምሪ 2.72 ሜትር ስለነበር፣ ቺን ፕላስ በዚህ ልኬት የዚያ ካምሪ እኩያ ነው፤ ከዲኤክሱ ከስንዝር በላይ ይረዝማል። ይህ ሞዴል 48፣ 57.6 ወይም 72 ኪሎ ዋት ሰዓት በሚይዙ ባትሪዎች ቀርቧል፤ ፋብሪካው በቻይና አለካክ 420፣ 510 እና 610 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ይላል። አካሉ ግን ያው አንድ ነው። ለትልቁ ባትሪ ተጨማሪ የሚከፍል ሰው ለቤተሰቡ አንድ ሳንቲ ሜትር ቦታ አይገዛም።

የፋብሪካው ቁጥር ሰው ሞልቶ ዳገት ሲወጣ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ቢሆንም በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳና አልፎ አልፎ አዳማ ደርሶ ለሚመለስ ቤተሰብ ትንሹ ባትሪ ይበቃዋል። ሐዋሳና ከዚያ ወዲያ የሚመላለስ ሰው ትልቁን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ሌላው የሚተርፈውን ገንዘብ ቤት ለሚተከል ቻርጀር ቢያውለው ይሻለዋል። 57.6ቱን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 2.2 ኪሎ ዋት በሚሰጥ ተራ ሶኬት ከ26 ሰዓት በላይ ሲፈጅ፣ በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ግን ከስምንት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ይህም አንድ ሌሊት ነው።

“ሰፊ መኪና የባለጸጋ ነው” የሚሉ አሉ። በሲሲ ዘመን ይህ አባባል እውነትነት ነበረው፤ ሰፊው መኪና ብዙውን ጊዜ ትልቅ ሞተር ይዞ ስለሚመጣ ታክሱ ያንቀው ነበር። ዛሬ ግን ስፋትና ሞተር ተለያይተዋል።

ስለዚህ ገዢው ወደ መሸጫው ሲሄድ ሜትር ይያዝ። ከኋላ ወንበር እስከ ፊት ወንበር ያለውን ቦታና የትከሻውን ስፋት ይለካ። ባትሪው ከወለሉ በታች ስለሚቀመጥ ወለሉ ከፍ ብሎ የተቀማጩን ጉልበት ወደ ላይ እንደሚገፋ አይዘንጋ። የቻርጅ ሶኬቱ የቻይና ይሁን የአውሮፓ ይጠይቅ፤ ሁለቱ አይገጣጠሙምና። ከሁሉ በላይ ቤተሰቡን ይዞ ይሂድ። አምስቱም ተሳፍረው ሆዱ የመንገዱን ጉብታ ሳይነካ የሚያልፍ ከሆነ፣ ያኔ ስለ ዋጋ ከደላላው ጋር መነጋገር ይቻላል።