የአይረን ኪኒን በስንት ሰዓት?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ከአዘዞ አለፍ ብላ በምትገኘው ፀዳ የምትኖርና ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ነፍሰ ጡር ሴት ሁለት ዓይነት ኪኒን ይዛ ቤቷ ትገባለች። አንዱ በቀን አንዴ የሚዋጠው፣ ዶሉቴግራቪር ያለበት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። ሌላው ከነፍሰ ጡር ክትትል የሚሰጣት አይረንና ፎሊክ አሲድ ነው። ሁለቱም ያስፈልጓታል። በባዶ ሆዷ አንድ ላይ ከዋጠቻቸው ግን አይረኑ ዶሉቴግራቪሩን አንጀቷ ውስጥ አስሮ ይይዘዋል፤ ወደ ደሟ የሚገባው መድኃኒት ይቀንሳል።

ማስተካከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ፀረ ኤች አይ ቪው ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጣል፤ ምግብ ከተበላ ደግሞ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል። ይሁንና «ከምግብ ጋር ውሰጂው» የሚለው ምክር በሁዳዴ ብዙ አያስኬድም። ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ በንስሐ አባት ፈቃድ ጾሙ ቢቀልላቸውም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ እናቶች አሉ። እንዲህ ላለችው ሴት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀረ ኤች አይ ቪውን፣ 9 ሰዓት ስትበላ አይረኑን ብሎ በሰዓት መንገር ይሻላል። ቡናውም ከአይረኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ፤ ቡናና ሻይ አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ።

ከሰዓቱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ደሟ አንሶ ከሆነ፣ ለምን አነሰ?

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 17 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ቫይረሱ በደሟ ላለ ሴት መንስኤው ይበዛል። በ1997 ዓ.ም. ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ከተለመዱት አንዱ የነበረው ዚዶቩዲን ደም የሚመረትበትን መቅኔ ያዳክማል። ቲቢ፣ የአንጀት ጥገኛ ትሎች፣ የፎሊክ አሲድና የቢ12 እጥረትም አሉ። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ቫይረሱ ራሱ የሚያመጣው የሰውነት መቆጣት ነው። በዚህ ጊዜ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያበዛል፤ አይረኑ በመጋዘኑ ተቆልፎ ይቀራል፣ አንጀትም አዲስ አይቀበልም። እንዲህ ላለችው ሴት ዋናው ሕክምና ቫይረሱንና ተጓዳኝ በሽታውን መቆጣጠር እንጂ የኪኒን ቁጥር መጨመር አይደለም።

የሄሞግሎቢን ምርመራ ብቻውን የደም ማነሱን መንስኤ አይለይም። የአይረን ክምችት የሚታይበት የፌሪቲን ምርመራም በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ በኢንፌክሽን ጊዜ ስለሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው መለያ ከ15 ወደ 70 ማይክሮግራም በሊትር ከፍ ይላል። መለያው ሲዘነጋ እጥረት ያለባት ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ትሸኛለች።

ደጋው ደግሞ በሄሞግሎቢን ንባቡ ላይ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አምባራስ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ለሌላ አገር ደገኛ የተሠራ የሄሞግሎቢን የከፍታ ማስተካከያ ለሰሜን ጎንደር ሴት በትክክል ላይሠራ ይችላል ማለት ነው።

ጎንደር ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥን ተቋም ያላት ከተማ ናት። እውቀቱ ከፀዳ ሩቅ አይደለም። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጠው ክፍልና የነፍሰ ጡር ክትትሉ አንድ ካርድ ይጋሩ፤ በካርዱ ላይም የእያንዳንዱ ኪኒን ሰዓት ይጻፍ። ለአንድ ወር ያህል አይረን ወስዳ ሄሞግሎቢኗ ያልጨመረ ሴት ደግሞ ሌላ ጥቅል ተሰጥቷት ከመመለሷ በፊት ለፌሪቲንና ለቲቢ ትመርመር።