ያልተገላበጠ ያርራል

እኔ የምለው… ይሄ “በሁለት ቀን የኤአይ ባለሙያ እናደርግዎታለን” የሚለው ማስታወቂያ አልበዛም እንዴ? ትላንት “በሦስት ወር እንግሊዝኛ ያቀላጥፋሉ” ሲለን የነበረው ነጋዴ ዛሬ ታፔላውን ቀይሮ መጥቷል። “ካልሠለጠኑ ከሥራ ይባረራሉ” ብሎ ያስፈራራናል፤ “ከሠለጠኑ አለቃ ይሆናሉ” ብሎ ያጓጓናል። በመሀል እጁን ኪሳችን ይከታል።

ልብ አድርጉልኝ፣ አትማሩ እያልኩ አይደለም። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የቢሮ ሥራ መልኩን እየለወጠ ነው። “እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልነካም” ብሎ መኩራራትም ያው ስንፍና ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ። ጥያቄው ምኑን እንማር ነው።

አጠያየቁን? እሱን ማንም ሰው በጥቂት ቀን ልምምድ፣ ያለ ክፍያ ይለምደዋል። ከባዱ መልሱን መመርመር ነው። መሣሪያው እኮ ከብዙ ጽሑፍ በቀሰመው መሠረት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ሲሳሳትም አይንተባተብም፤ አንደበቱ ያው የተባ ነው።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ የሆነውን እንይ። ከ30 ዓመት በላይ የሠራ ጠበቃ በመከራከሪያ ጽሑፉ ላይ ቻትጂፒቲ የሰጠውን 6 የፍርድ ውሳኔ ጠቀሰ። አንዳቸውም በምድር ላይ አልነበሩም! ይባስ ብሎ “እውነተኛ ነው ወይ?” ብሎ የጠየቀው ራሱን ቻትጂፒቲን ነው፤ “አዎ” አለው። ፍርድ ቤቱ እሱን፣ ባልደረባውንና ቢሯቸውን 5,000 ዶላር ቀጣ። ሰውየው መጠየቅ አላቃተውም፤ የጎደለው ማመሳከር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጀማሪው ነው። ጠበቃው ቢያንስ ሙያ ነበረው። ዘንድሮ ተመርቆ የተቀጠረው ልጅ አንድም ሪፖርት በራሱ ላብ ሳይጽፍ፣ ሁሉን በማሽን እያስጻፈ ከከረመ፣ ነገ ስህተቱን በምን ዓይኑ ያያል? አለቆችስ? “ቶሎ ጨርስ” ከሚሉት መካከል “ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?” የሚል ስንቱ ነው?

እናም መጀመሪያ ራሳችሁ ጻፉ፤ ከዚያ “ድክመቱ የቱ ጋ ነው?” ብላችሁ ማሽኑን ጠይቁት። የሰጣችሁን ስም፣ ቀንና ቁጥር ከምንጩ አመሳክሩ። የመሥሪያ ቤታችሁን ምስጢር አትስጡት። እድገት ካለ የሚመጣው በዚህ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፊኬት ሪፖርት አያርምም። ያልተገላበጠ ያርራል፤ ሲያርር ደግሞ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው።