አፋችንን ሳናውቅ ፊደል እናስቆጥራለን?

«ካፍ የወጣ አፋፍ» ይባላል። ዛሬ ግን ልንጽፍ የተነሣነው ካፍ ስለ ወጣው ሳይሆን ገና አፍ ውስጥ ስላለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ የወጣን እጩ መምህራን አንድ አንደኛ ክፍል ገብተን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቻችን ከኋላ ተቀምጠን እንመዘግባለን። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ አንድ ትንሽ ልጅ ተነሣና «አባቴ ትናንት መታ» አለ። «መጣ» ማለቱ ነበር። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጓደኛችንም «መታ ሳይሆን መጣ በል!» እያለ ዐሥር ጊዜ አስደገመው። ልጁ ዐሥሩንም ጊዜ «መታ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ እጁን አላወጣም። ከኋላ የተቀመጥነውም ቢሆን ስቀናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ራሳችንን ለመጠየቅ ነው።

ለመሆኑ ልጁ ምን አጠፋ? «ተ» እና «ጠ» የሚፈጠሩበት ቦታ አንድ ነው። በሁለቱም ጊዜ የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ሥር ይለጠፋል፤ አየሩን ያግዳል፤ ከዚያ ይላቀቃል። ልዩነቱ ያለው ታች ጉሮሮ ላይ ነው። «ተ» ስንል አየሩ ከሳንባ ይመጣል። «ጠ» ስንል ግን ማንቁርት ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይዘጋሉ፤ ማንቁርቱ ከፍ ይላል፤ በምላስና በጉሮሮ መካከል የታፈነው አየር ይታመቅና ምላስ ሲላቀቅ ፈንድቶ ይወጣል። ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰም እንዲሁ ናቸው። ፈንጂ ድምፆች የሚባሉትም ለዚህ ነው። ያላመነ ትንፋሹን ጉሮሮው ላይ ቆልፎ ይሞክር፤ «ጥ፣ ጥ፣ ጥ» ማለት ይቻላል፣ «ስስስ» ማለት ግን አይቻልም።

እንግዲህ ልጁ የምላሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል። የጎደለው የጉሮሮው ሥራ ብቻ ነው። ዐሥር ጊዜ «በል!» ማለት ደግሞ ጉሮሮውን የት እንደሚዘጋ አያሳየውም። ፈንጂ ድምፅ የሌላቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው፤ ሶማልኛ አንዱ ነው። በአንጻሩ የሶማልኛ ተናጋሪው ልጅ «ሐ»ንና «ዐ»ን ከጉሮሮው አጥርቶ ሲያወጣ፣ በአማርኛ አፋችንን የፈታነው ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርገን እናነባለን። የኦሮምኛውን «ዸ» በሉ ብንባልስ ስንቶቻችን «ደ» ብለን እናልፋለን? ታዲያ ማን በማን ይስቃል?

የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ ተምረነዋል። ከንፈራዊ፣ ጥርሳዊ፣ ላንቃዊ፣ ትናጋዊ፣ ነዛሪ፣ ኢ-ነዛሪ እያልን ሠንጠረዡን ለፈተና ሸምድደናል። ፈተናው ሲያልፍ ሠንጠረዡም አብሮ አለፈ፤ ከሰሌዳው ወደ አፋችን አልገባም። ድፍረት አይሁንብንና አንዳንድ መምህራኖቻችንም «ሰ» እና «ዘ» በምን ይለያሉ ብለው በወረቀት ጠየቁን እንጂ እጃችንን ጉሮሯችን ላይ አስቀምጠን የ«ዝዝዝ»ን ንዝረት እንድንዳስስ አላደረጉንም።

ፊደላችን ራሱ እኮ ይህን ዕውቀት ተሸክሟል። በግዕዙ 26 ፊደላት ላይ ለአማርኛ 7 ሲጨመሩ ከሰ ሸ፣ ከተ ቸ፣ ከነ ኘ፣ ከዘ ዠ፣ ከደ ጀ፣ ከጠ ጨ ወጡ። ሰባተኛው ከ«ከ» የወጣው «ኸ» ነው። የስድስቱ ጥንዶች ነገር በዘፈቀደ የሆነ አይደለም፤ ምላስ ከጥርስ ሥር ወደ ላንቃ ሲሸሽ የሚፈጠሩ ድምፆች ናቸው። ሰዋስዉም ይመሰክራል። ወንዱን ልበስ፣ ክፈት፣ ለምን፣ ያዝ፣ ውሰድ፣ ምረጥ ስንል፣ ሴቷን ልበሺ፣ ክፈቺ፣ ለምኚ፣ ያዢ፣ ውሰጂ፣ ምረጪ እንላለን። ስድስቱም እነዚያው ጥንዶች! ፊደሉን ያበጁት ሰዎች ዘመዳሞቹን ድምፆች ለይተው ያውቁ ነበር። እኛ ግን ቅርጹን ብቻ እያዜምን እናስቆጥራለን።

«ልጅ ሲሰማ ውሎ ይለምደዋል፤ ምን ያስጨንቃል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት ነው፣ ብዙው ይለምዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። ቢሆንም በየከተማው የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። አማርኛን የሚሰማው በትምህርት ሰዓት ብቻ የሆነ ልጅ፣ ጆሮው የለመደውን ድምፅ ስለሚፈልግ «ጠ»ን «ተ» አድርጎ ይቀበላል። እስኪለምድ ድረስ የሚሳቅበት ከሆነ ደግሞ መናገሩን ይተወዋል። መምህር ያስፈለገው እኮ ለዚህ ነው!

ስለዚህ ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ የድምፅ ትምህርት በመስተዋትና በእጅ ይሰጠን፤ ከንፈራችንን እንይ፣ ጉሮሯችንን እንዳስስ። ሁለተኛ፣ ፊደሉን በተለመደው ተራ ካስቆጠርን በኋላ ተ–ደ–ጠ፣ ከ–ገ–ቀ፣ ቸ–ጀ–ጨ እያልን ዘመዳሞቹን ጎን ለጎን እናለማምድ። ሦስተኛ፣ በመካከላችን በልዩ ልዩ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ጓደኞች ስላሉ እርስ በርስ እንማማር፤ እነሱ የእኛን ስህተት ያርሙ፣ እኛም የእነሱን። አፉ እንቢ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው የሚገባን ያን ጊዜ ነው።

ያ ልጅ ዛሬም እዚያው ክፍል ተቀምጧል። ወደፊት በየደረስንበት እንደሱ ያሉ ብዙ ይጠብቁናል። «መታ» ብለው ሲነሡ ምን እንደምንላቸው ከአሁኑ እንወቅ። በዚህ የማይስማማ ካለ ሐሳቡን ጽፎ ከጎናችን ይለጥፍ፤ ግድግዳው የሁላችንም ነው።