የተመራቂው ዝምድና ለማን ነው?

ከአባላችን አንዱ ተመርቆ ወደ ሌላ አገር በተሻገረ ቁጥር «ስማችንን አስጠራ» እንላለን። ማስጠራቱስ ይሁን፤ ማንን ጠቀመ? የኤደን ሕክምና ፋኩልቲ በ1975 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የኩባ ሐኪሞች መጥተው አስተምረውበታል። የጎንደሩም በ1978 ሥራ የጀመረው ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ዝምድና ማለት ይህ ነው፤ የግብዣ ፎቶግራፍ መላላክ አይደለም። እዚህ ኤደን ደግሞ ከጅቡቲና ከቦሳሶ በጀልባ የተሻገረው ወገናችን ሕመሙን የሚያስረዳበት ቋንቋ አጥቶ ሐኪም ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ ማኅበሩ ተመራቂዎችን ከነሙያቸው ይመዝግብ። እዚህ ያለነው በሐኪም ቤቶች በተራ እናስተርጉም፤ ስፔሻሊስት የሆኑት በዓመት አንድ ወር ጎንደር ወይም ጅማ ሄደው ያስተምሩ። መዝገቡም በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይቅረብልን።